የሚያስፈራው ጅቡ ነው ወይስ «ለጅብ እሰጥሃለሁ» ያለው?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ «ይሄን አንብበህ ካልተናደድክ አንተ አይደለህም» ብሎ አንድ ጽሑፍ ላከልኝ። አነበብኩት። ተናደድኩ። ወዳጄ ጠንቅቆ ያውቀኛል።

ጽሑፉ የሥነ ልቦና ሆረር ስለሚባለው ልብወለድ ነው። ጭራቅ የለበትም። ከመቃብር የሚነሳ ሬሳም የለበትም። አንድ ሰው ከቀረው ዓለም ይነጠልና በሌላ ሰው እጅ ይወድቃል። ወይም ከገዛ ሐሳቡ ጋር ብቻውን ይቀራል። ፍርሃቱ ከዚያ ይመጣል። ጸሐፊው ይሄን ዓይነት ድርሰት አይወድም። መብቱ ነው። እኔም ክትፎ አልወድም፤ እስካሁን ማንም አልከሰሰኝም። ችግሩ እሱ አለመውደዱን አምስት ነጥብ ደርድሮ ሕግ ሊያደርገው መሞከሩ ነው።

ነጥቦቹ ባጭሩ እነዚህ ናቸው። ጭራቅ ወይም መንፈስ ከሌለበት ሆረር ሳይሆን የወንጀል ታሪክ ነው ይላል። ብቸኝነቱ ጌጥ ነው፤ ደራሲው መንገዱን በበረዶ ዘግቶ፣ ስልኩን ቆርጦ በርካሹ ያስፈራራናል፣ ሞባይል ከመጣ ወዲህ ደግሞ ይሄም አልቆበታል ይላል። ጭካኔ ማለት ደም ማፍሰስ ነው፣ ደሙን ብታነሱት የሚቀር ነገር የለም ይላል። አራተኛ፣ ይሄ በየአፓርታማው ብቻውን የሚኖር የፈረንጅ በሽታ ነው፤ ሐበሻ ጎረቤት አለው፣ እድር አለው፣ የሚፈራውም ጅብና ቡዳ ነው ይላል። በመጨረሻም እንዲህ ዓይነት ነገር ማንበብ አእምሮ ያበላሻል ብሎ ይመክረናል።

በተራ በተራ እመልሳለሁ። አራተኛው ላይ ግን ትንሽ እንደምቆይ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

የወንጀል ታሪክ ነው ከሚለው ልነሳ። የወንጀል ታሪክ ስናነብ የምንጠይቀው ነገር ይታወቃል። ማን ገደለው? ይያዛል ወይስ ያመልጣል? መጨረሻ ላይ ፖሊስ ይመጣል፣ ቢያንስ እውነቱ ይወጣል። አንባቢው እፎይ ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል።

አሁን ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1846 ያሳተማትን «የአሞንቲላዶው በርሜል» የምትባል አጭር ልብወለድ ውሰዱ። ማን እንደሚበቀል ገና ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እናውቃለን። ራሱ ነው የሚተርክልን። ስሙ ሞንትሬሶር ነው። ፎርቱናቶ የሚባል ወዳጁ ሰድቦኛል ይላል። ምን ብሎ እንደሰደበው አይነግረንም።

በካርኒቫል ምሽት ያገኘዋል። ፎርቱናቶ ሞቅ ብሎታል፤ ቃጭል የተንጠለጠለበት ቆብ አድርጓል። ሞንትሬሶር «አሞንቲላዶ የሚባል ምርጥ ወይን አንድ በርሜል ገዝቼ ነበር፣ ትክክለኛው መሆኑን ተጠራጠርኩ» ይለውና ወደ ቤቱ ምድር ቤት ይዞት ይወርዳል። አሽከሮቹ ቀድመው ከቤት እንዲጠፉ አመቻችቷል። ምድር ቤቱ እርጥበት አለው። ፎርቱናቶን ያስለዋል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ። ሞንትሬሶር ደጋግሞ «እንመለስ፣ ጤናህ ይበልጥብኛል» ይለዋል። ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፣ እዚህ ቦታ ስደርስ አሁንም ጀርባዬን ይበርደኛል። ሰውየው እያሳለው «ሳል ደግሞ ምን ያደርገኛል» ብሎ ወደፊት ይሄዳል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ በሰንሰለት ያስረውና ፊት ለፊቱ ሌላ ግድግዳ ይገነባበታል። ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ፎርቱናቶ ሲጮህ ዝም በል አይለውም። አብሮት ይጮሃል፣ ያውም ከሱ በላይ። የፈለግከውን ያህል ጩህ፣ የሚሰማ የለም ማለቱ ነው። በመጨረሻ የሚሰማው የቆቡ ቃጭል ብቻ ነው። ሞንትሬሶር ይሄን ሲያወራልን ሃምሳ ዓመት አልፏል። ማንም አልደረሰበትም።

ታዲያ ፖሊሱ የት አለ? ዳኛውስ? ጉዳዩን የሰማነው እኛ አንባቢዎቹ ነን፤ እኛም ሃምሳ ዓመት ዘግይተን ነው የደረስነው። ጭራቅ ቢሆን ይቀል ነበር። ጭራቅ «ጤናህ ይበልጥብኛል» አይልም።

ሐሳቤን እዚሁ ላስቀምጠው። በነዚህ ድርሰቶች ውስጥ የሚያስፈራኝ ምስክር ማጣት ነው። «አዎ፣ እኔም አይቻለሁ፣ ልክ ነህ» የሚል አንድ ሰው ሲጠፋ፣ እውነት የሚሆነው ቁልፉን የያዘው የተናገረው ነው። ጨካኙ መጀመሪያ የሚሠራውም እሱን ነው። ከመምታቱ በፊት ምስክሮቹን ያስወጣል። ሞንትሬሶር አሽከሮቹን እንዳስወጣው።

ሁለተኛው ነጥብ ብቸኝነት ጌጥ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ልብወለዱን ትንሽ ልተወውና አንድ የምር የሆነ ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ፣ በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ፣ ዶናልድ ሄብ በሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ መሪነት አንድ ሙከራ ተካሄደ። ወንድ ተማሪዎች በቀን 20 ዶላር እየተከፈላቸው አልጋ ላይ እንዲተኙ ተደረገ። ሥራቸው ይሄው ነው። ዓይናቸው ላይ ብርሃን እንጂ ቅርጽ የማያሳልፍ መነጽር ተደረገላቸው። እጃቸው በጓንትና በካርቶን ተሸፈነ። ጆሯቸው የሚሰማው የማሽን ወጥ እዝዝታ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን 20 ዶላር ለተማሪ ደህና ብር ነው። ተኝቶ መከፈል! እኔ ብሆን ከሌሊቱ ጀምሬ ተሰልፌ ነበር።

አብዛኞቹ ግን ከጥቂት ቀን በላይ አልቻሉም። የሌለ ነገር ማየት ጀመሩ። አንደኛው ሽኮኮዎች ጆንያ በትከሻቸው ተሸክመው በሰልፍ ሲሄዱ አየሁ ብሏል። ሲነበብ ያስቃል። ልብ በሉ፣ ማንም አልነካቸውም። በቃኝ ያለ ይወጣ ነበር። እንዲያም ሆኖ አእምሮ ከራሱ ጋር ብቻውን ሲቀር ጥቂት ቀን እንኳ አልታገሠም። ይሄን የሚያህል ጉልበት ያለውን ነገር ጌጥ ማለት እሳትን የወጥ ቤት ጌጥ እንደማለት ነው።

መነጠል ደግሞ የግድ በረዶና ጫካ አይፈልግም። ሻርሎት ፐርኪንስ ጊልማን የምትባል አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1892 «ቢጫው የግድግዳ ወረቀት» የሚል አጭር ልብወለድ አሳተመች። ባለታሪኳ በቅርቡ የወለደች ሴት ናት። መንፈሷ ወድቋል። ባሏ ጆን ሐኪም ነው። ይወዳታል። ለበጋ በተከራዩት ቤት ላይኛው ፎቅ፣ ድሮ የልጆች የነበረ ክፍል ውስጥ ያሳርፋታል። መስኮቶቹ የብረት ፍርግርግ አላቸው። አልጋው ወለሉ ላይ ተቸንክሯል። እንዳትጽፍ ስለተከለከለች ተደብቃ ነው የምትጽፈው። ሰው ሲመጣ ወረቀቱን ትሸሽጋለች።

ክፍሉን እንቀይር ስትለው ይስቃል። አልተሻለኝም ስትለው፣ ተሽሎሻል፣ እኔ ሐኪም ነኝ፣ አውቃለሁ ይላታል። እንደ ሕፃን ያባብላታል። ይሄ ማባበል ከቁጣ ይብሳል። የሚቆጣ ሰው ቢያንስ ሰምቶሻል ማለት ነው።

ቤቱ ባዶ አይደለም። ባሏ አለ፣ የባሏ እህት አለች፣ ልጁን የምትይዝ አለች። የሚያምናት ግን የለም። የቀራት ግድግዳው ነው። ቢጫው ወረቀት ላይ ያለውን ጥለት ቀን ከሌት ታፈጥበታለች። ውሎ አድሮ ከጥለቱ ጀርባ የታሰረች ሴት ትታያታለች። ሴትዮዋ ልትወጣ ትታገላለች። መንፈስ አይደለችም። ከየት እንደመጣች አንባቢው አይጠፋውም።

ጊልማን ይሄን ከባዶ አልፈጠረችውም። እሷ ራሷ እ.ኤ.አ. በ1887 በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው ሐኪም በሳይላስ ዌር ሚቸል ዘንድ «የዕረፍት ሕክምና» የሚባለውን ወስዳለች። የታዘዘላት ይሄ ነው። ቤትሽ ተቀመጪ። በቀን ከሁለት ሰዓት በላይ አእምሮሽን አታሠሪ። ብዕር ዕድሜ ልክሽን እንዳትነኪ። ሦስት ወር ያህል ታዘዘች። ለማበድ አንድ ስንዝር ቀርቷት እንደነበር ኋላ ጽፋዋለች።

ስለ ሞባይሉ ደግሞ አንድ ነገር ብቻ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው «ሚዘሪ» የሚባለው ፊልም ላይ፣ ታጋቹ ሰውዬ ተሠቃይቶ ከክፍሉ ይወጣና ስልክ ያገኛል። ሲያነሳው ባዶ ቀፎ ነው። ውስጡ ምንም የለም። ስልክ በዚያ ቤት ነበር፤ ለእይታ ያህል። ዛሬም ቢሆን ጥያቄው ስልኩ መኖሩ ሳይሆን በማን እጅ እንዳለ ነው። ለነገሩ ለጆን ሚስት ሞባይል ብንሰጣትስ ለማን ትደውላለች? ለሐኪም? ሐኪሙ እኮ ባሏ ነው።

ሚዘሪን ካነሳሁ ወደ ሦስተኛው ነጥብ ገብቻለሁ። እዚህ ጋ ግማሽ መንገድ ከጸሐፊው ጋር እሄዳለሁ። ሰው መቆራረጥን እንደ ሥጋ ቤት ዋጋ ዝርዝር የሚደረድሩ ደራሲዎች አሉ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ያዛጋኛል። እሱ ግን የስቴፈን ኪንግን «ሚዘሪ» ከነሱ ጋር አንድ ከረጢት ውስጥ ከተተው። መጽሐፉን አንብቦት ከሆነ የዘለላቸው ገጾች አሉ።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው የወጣው። ፖል ሼልደን ታዋቂ ደራሲ ነው። ሚዘሪ የምትባል ገጸ ባሕርይ ባለችባቸው ተከታታይ የፍቅር ልብወለዶች ስምና ገንዘብ አግኝቷል። ሰልችታው መጨረሻዋ ላይ ገድሏታል። ኮሎራዶ ውስጥ በበረዶ ሲነዳ መኪናው ይገለበጣል። አኒ ዊልክስ የምትባል የቀድሞ ነርስ ጎትታ አውጥታ ቤቷ ትወስደዋለች። ቁጥር አንድ አድናቂህ ነኝ ትለዋለች። እግሮቹ ተሰባብረዋል። ማስታገሻ ክኒን ትሰጠዋለች፣ ሱስ እስኪሆንበት ድረስ። ክኒኑ ያለው እሷ ጋ ነው።

አሁን ስለ አንድ ባልዲ ላውራ። አኒ የፖልን አዲስ ረቂቅ ታነብና ስድብ በዝቶበታል ብላ ትናደዳለች። በእጇ የነበረውን ሾርባ ግድግዳው ላይ ትወረውረዋለች። የክኒኑ ሰዓት ደርሷል። እግሩ እየነደደ ነው። እሷ ግን ባልዲና ጨርቅ ይዛ መጥታ ግድግዳውን መወልወል ትጀምራለች። ረጋ ብላ። ጨርቁን ትነክራለች፣ ትጨምቃለች፣ ትወለውላለች። እንደገና ትነክራለች። እሱ ተኝቶ ያያታል። ጨርሳ ክኒኑን ትሰጠዋለች። መዋጫ ውሃ የለም። ባልዲውን ታስጠጋለታለች። ሳሙናው፣ የጨርቁ እጣቢ፣ የሾርባው ዝቃጭ ያለበት ውሃ። በዚህ ዋጠው። ይውጠዋል።

አንዲት ጠብታ ደም የለም። ባልዲ ነው፤ እናንተም ቤት አለ። እዚያ ገጽ ላይ ፖል የገባው ነገር አለ። ሕመሙን የምታስታግሰውና ሕመሙን የምታስረዝመው አንድ እጅ ናት። ከዚያች ክፍል ውጭ ይሄ ልክ አይደለም የሚላት የለም። ቤቷ ውስጥ ልክ የሚባለው እሷ ያለችው ነው። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል። ፖል ሁለቱንም በአንዲት ሴት አገኛቸው።

ደም ይሄን ያህል ወሳኝ ከሆነ ደግሞ መጽሐፉንና ፊልሙን አስተያዩ። መጽሐፉ ላይ አኒ እግሩን በመጥረቢያ ትቆርጠዋለች። ፊልሙ ላይ ዳይሬክተሩ ሮብ ራይነር መጥረቢያውን አስቀረው። በምትኩ በቁርጭምጭሚቶቹ መሃል ግንድ አስገብታ በትልቅ መዶሻ ትመታዋለች። ስክሪፕቱን የጻፈው ዊሊያም ጎልድማን በለውጡ በጣም ተናዶ ነበር። በኋላ ግን ራይነር ልክ እንደነበረ ራሱ በጽሑፍ አምኗል። ደሙ ቀነሰ፣ ፍርሃቱ ባለበት ቀረ። እንዲያውም ባሰ። አኒ ከመምታቷ በፊት ለምን እንደምትመታው እንደ አስተማሪ ታስረዳዋለች። ከመታችው በኋላ ምን ያህል እንደምትወደው ትነግረዋለች። ካቲ ቤትስ በዚህ ሚና ኦስካር ወስዳለች። ፊልሙን ያየ ሰው ስለሱ ሲያወራ እግሩን ሰብሰብ ያደርጋል፤ ታዘቡ።

አሁን አራተኛው። ሐበሻ የሚፈራው ጅብና ቡዳ ነው የተባለው።

እሺ፣ ጅብ እንውሰድ። እኔ ያደግኩበት ሰፈር ማታ ማታ ጅብ ይጮህ ነበር። ሲጮህ አልጋዬ ውስጥ ነኝ። በሩ ተቀርቅሯል። ጅብ በር መክፈት አይችልም፤ ይሄን በአምስት ዓመቴም አውቀው ነበር። በሩን መክፈት የሚችለው «ዝም ካላልክ ለአያ ጅቦ እሰጥሃለሁ» የሚለኝ ሰው ነው።

አንድ ማታ እናትና አባቴ ለቅሶ ሄደው አንዲት ዘመዳችን ትጠብቀኝ ነበር። አለቀስኩ። እንደተለመደው ጅቡን ጠራችብኝ። አላቆምኩም። ተነሳችና መቀርቀሪያውን ሳበችው። በሩን ገርበብ አደረገችው። ብርዱ ገባ። አንገቷን ወደ ጨለማው ብቅ አድርጋ፣ እንግዳ በሚጠራበት በዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ «አያ ጅቦ፣ ና ውሰደው» አለች። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። እየሳቀች ነበር።

ጅቡን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ያን ሳቅ ግን ዛሬም ብጠየቅ እሥለዋለሁ። ይሄ ፈረንጅ አገር አልተፈጠረም። አፓርታማም አልነበረም።

ወደ ቡዳው። ቡዳ ሲባል የኖረው ማን ነው? ቀጥቃጩ ነው። ሸክላ ሠሪዋ ናት። በሰሜን ኢትዮጵያ ቤተ እስራኤሎች ለዘመናት በዚህ ስም ሲጠሩ ኖረዋል፤ ብረት መቀጥቀጡና ሸክላው የእነሱ ሙያ ነበርና። ዛሬ አብዛኞቹ እስራኤል አገር ናቸው። ስሙን የማይረሱ አዛውንቶች ግን አሁንም አሉ። ማረሻውን ከእነሱ ይገዛል፣ ምጣዱን ከእነሱ ይገዛል። ማታ ደግሞ ጅብ ሆነው ይወጣሉ ተብሎ ይወራል። ልጅ ሲታመም የሁሉም ዓይን ወደዚያ ቤት ይዞራል።

እስቲ ታሪኩን ከዚያ ቤት ሆናችሁ ተርኩት። ሸክላ ሠሪዋ ደጇ ላይ ገንቦ እያደረቀች ነው። የጎረቤት ልጅ ትኩሳት እንደያዘው ትሰማለች። ትናንት ወንዝ ዳር አግኝታው «አደግክ እኮ!» ብላዋለች። አሁን ይሄን ቃል መልሳ መላልሳ ታስበዋለች። ማን ሰማኝ? ሲመሽ ከአጥሩ ማዶ ሰዎች ቆመው ያወራሉ። እሷ ብቅ ስትል ድምፃቸው ይቀንሳል። ልጁ ካልተሻለው ነገ ምን ይመጣል? እንግዲህ ጭራቁ የት አለ? እኛ አገር ቡዳ እጅግ አስፈሪ ታሪክ ነው፣ ልክ ነው። ጸሐፊያችን ግን የሚያስፈራውን ሰው ተሳስቶ ነው የመረጠው።

ጎረቤትና እድር ያድነናል ለሚለው የአሜሪካዊቷን ደራሲ የሸርሊ ጃክሰንን «ሎተሪው» የምትባል አጭር ልብወለድ እመክረዋለሁ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 26 ቀን 1948 በወጣው የኒው ዮርከር መጽሔት ነው የታተመችው። ሦስት መቶ ያህል ሰው የሚኖርባት መንደር። ፀሐይ የሞላበት የበጋ ጠዋት። ሰው አደባባይ ላይ ይሰበሰባል፣ ወንዶቹ ስለ ዝናብና ስለ ትራክተር ያወራሉ። ቴሲ ሃቺንሰን ዕቃ ስታጥብ ቀኑን ዘንግታ ዘግይታ ትደርሳለች። ከወዳጇ ከወይዘሮ ዴላክሯ ጋር ይሳሳቃሉ። ከጥቁር ሣጥን ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የሚደርሰው ለቴሲ ነው። ዕጣው የደረሰው በድንጋይ ይወገራል።

ወይዘሮ ዴላክሯ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሳ ትልቅ ድንጋይ ትመርጣለች። ለቴሲ ትንሽ ልጅ፣ ለዴቪ፣ ሰዎች ጥቂት ጠጠር ያስጨብጡታል። እዚህች መስመር ላይ ደርሶ መጽሐፉን ያላስቀመጠ ሰው አላውቅም። ሦስት መቶ ጎረቤት አለ። ሁሉም በስም ይተዋወቃል። ከቴሲ በላይ ብቻዋን የቀረች ሴት ግን በየትኛውም የበረዶ ተራራ ላይ አላገኘሁም። ምስክር ሞልቷል፤ ሁሉም ማዶ ቆሟል።

ታሪኳ ስትወጣ በዚያው በጋ ለጃክሰን ከ300 በላይ ደብዳቤ መጣላት። ብዙው ቁጣና ግራ መጋባት ነው። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን ቁጣው አይደለም። ሎተሪው የት እንደሚካሄድ፣ ሄዶ ማየት ይቻል እንደሆነ የጠየቁ ነበሩ።

አንድ ነገር ልጨምርና ከአራተኛው ልውጣ። የአክስቴ ልጅ አረብ አገር ሰው ቤት ሁለት ዓመት ሠርታለች። ስሟንም አገሩንም አልጠቅስም። ቤቱ ውስጥ ሰባት ሰው ነበር። ስልኳን የወሰዱባት በገባች ቀን ነው። እመቤቲቱ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች። «መትተውኝ አያውቁም» አለችኝ። «ምግብም አልጎደለብኝም»። ታዲያ ምን ያስፈራሽ ነበር አልኳት።

ቀን የምትቆጥረው በታቦት ነበር። ዛሬ ማርያም፣ ዛሬ ጊዮርጊስ እያለች። ሌላ የራሷ የሆነ ነገር ስላልነበራት ይሄን አጥብቃ ያዘች። እመቤቲቱ ደግሞ ያላዘዘቻትን «ትናንት አዝዤሽ ነበር» ትላታለች። አልታዘዝኩም ስትል «ረስተሽ ነው» ትባላለች። ሲደጋገም እውነትም ረስቼ ይሆን ማለት ጀመረች። በሦስተኛ ወሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ስልክ ተፈቀደላት። እናቷን «እንኳን ለሚካኤል አደረሰሽ» አለቻት። እናቷ ትንሽ ዝም አለች። «ልጄ፣ ገብርኤልም አልፏል እኮ» አለቻት።

«ሳምንት ሙሉ የት ገባ?» አለችኝ የአክስቴ ልጅ፣ ዓይኖቿን ቡናው ላይ ተክላ። «ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር። የተመታሁበትን አሳይ ነበር»።

ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚለኝ ካለ መጥቶ ከሷ ጋር ቡና ይጠጣ።

የቀረው አምስተኛው ነው፤ ማንበቡ አእምሮ ያበላሻል የሚለው። ይሄ አዲስ አይደለም። የጊልማን ታሪክ በወጣ ጊዜ አንድ የቦስተን ሐኪም፣ እንዲህ ዓይነት ነገር መጻፍ አልነበረበትም፣ ያነበበውን ሰው ሁሉ ያሳብዳል ብሎ ለጋዜጣ አቤት ብሏል። ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1913 ለምን እንደጻፈችው ስታስረዳ፣ ሰው ለማሳበድ ሳይሆን ሊያብዱ የተቃረቡትን ለማዳን ነው ብላለች። ብዕር አትንኪ ላላት ለዶክተር ሚቸልም አንድ ቅጂ ልካለት ነበር። ደረሰኝ እንኳ አላላትም።

እኔም ይሄን ጽሑፍ መጀመሪያ የላክሁት ለባለ አምስት ነጥቡ ነው። እስካሁን ዝም ብሏል።